ማን ጠየቃት?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በቅዳሜ አንባቢዎች ስም የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ሪፖርቱ ረዘም ስላለ እንደ ደከማችሁ እናያለን። ቡናው እስኪደርስ ትንሽ ታገሡን። ሊቀመንበራችን «ዓመቱን ሙሉ በር ዘግታችሁ ምን ስታወሩ እንደ ከረማችሁ ለአባላት ንገሩ» ስላለችን ነው የቆምነው። ንግግሩን የጻፍነው አምስት ሆነን ነው፤ የምታነበው አንዷ ናት። ስለዚህ «እኛ» ስንል አምስታችንን ማለታችን ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን «እኛ» ማለት ይህ ማኅበር በሙሉ ይሆናል። እዚያ ስንደርስ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ለማታውቁን፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ቤታችን የማንቸኩል ሴቶች ነን። አንዳንዶቻችን ፊደል አልቆጠርንም፤ የአንዳንዶቻችን ዓይን ደክሟል። ስለዚህ አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፣ ሌሎቻችን ጥጥ እየፈተልን ወይም ምስር እየለቀምን እናዳምጣለን። ማንም አስተማሪ የለብንም። ባልገባን ቦታ እንቆማለን፣ ባልተስማማንበት ቦታ እንጨቃጨቃለን። አንድ ቅዳሜ ሦስት ገጽ ብቻ አንብበን የተለያየንበት ጊዜ አለ።

የጀመርነው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኞቻችን አልተወለድንም። ሆኖም ከመካከላችን መጽሐፉን ከሁላችንም በላይ አጥርተው የሚያውቁት ፊደል ያልቆጠሩት እናታችን ሆነው ተገኙ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተዋል። ሬዲዮ ያለው አንድ ጎረቤት ብቻ ስለነበረ ሴቱ ሁሉ እዚያ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ እንደ ነበር፣ እሳቸውም የጣዱት ወጥ አርሮባቸው ከባላቸው ጋር እንደ ተጣሉ ነገሩን። አንባቢያችን አንድ ቦታ ብትዘል «ቆይ እስቲ የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ እኮ ጉዱ ካሣ የሚናገረው ነገር አለ» ይሏታል። ገልጠን ስናይ እውነትም አለ።

መጽሐፉን ብዙ ሰው የሚያውቀው የፍቅር ታሪክ ብሎ ነው። እኛም እንደዚያው ብለን ነበር የጀመርነው። እያነበብን ስንሄድ ግን አንዷ እህታችን አንድ ጥያቄ አመጣች፤ ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አለቀቀንም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ይመልሳሉ። ሽማግሌ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይመለሳል። አባት ይቆጣሉ፣ እናት ይጨነቃሉ፣ ቤተ ዘመድ ይመክራል። የልጅቱ ዕድሜ ይሄዳል። «በዚህ ሁሉ መካከል» አለች እህታችን፣ «ልጅቱን ቁጭ አድርጎ 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ያላት ማነው?»

ዝም አልን። ከዚያ አንዷ «በዛብህ ነው» አለች፤ ፊደል ሊያስተምራት ገብቶ ያፈቀራት ያ የድሃ ልጅ። ሌላዋ ደግሞ «በዛብህም ቢሆን ፈርቶ ስንት ጊዜ ዝም ብሏል፤ የጠየቃት ጉዱ ካሣ ነው» አለች። ያ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እብድ የሚለው ሰው። እናታችን እንዝርታቸውን አስቀምጠው «እሱስ ልክ ነው፤ ግን ሴት የተባለች ሁሉ ቤቷ ውስጥ ጉዱ ካሣ የላትም እኮ» አሉ። ይህችን ንግግር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሰብለ መጨረሻ ላይ የአባቷን ቤት ጥላ በእግሯ ወጣች። ፍቅሯን ያገኘችው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። መንና ኖራ ከእሱው መቃብር ገባች። አንዳንዶቻችን አለቀስን። አንዷ ግን ተናደደች፤ «አንዴ በራሷ ፈቃድ ብትወስን ዋጋው ሞት ሆነ፤ ይህን ለልጄ አላነብላትም» አለች። ደራሲው የፈረዱባት ሥርዓቱ የፈረደባትን ለማሳየት ነው ብለን ልናግባባት ሞከርን። አልተግባባንም። አሁንም ልክ አይደለሽም ልንላት አንችልም።

ቀጥሎ የመጣው መጽሐፍ አልነበረም፤ ሥዕል ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጨርቅ ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ የተሣለው፣ የንግሥት ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ። የዚያን ቅዳሜ የተሰበሰብንበት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መጽሐፉን ያመጣችው እህት ዘግይታ ስለነበረ «እስቲ ይህንን እናንብበው» ተባለ፤ ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችን ከኛ እኩል የሚያነቡት ነገር በመገኘቱ ደስ አላቸው።

ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ለንግሥቲቱ ሲነግራት፣ እሷ ስትጓዝ፣ ንጉሡ ሲቀበላት፣ ግብሩ። ከዚያ ወደ ማታው ደረስን። ክብረ ነገሥት እንደሚለው ሰሎሞን ቅመምና በርበሬ የበዛበት፣ ውኃ የሚያስጠማ ምግብ አዘጋጀላት። ንግሥቲቱ በጉልበት እንዳይነካት አስማለችው። እሱም ከቤቱ ምንም ነገር ሳትጠየቅ እንዳትወስድ አስማላት። ውኃውን አልጋው አጠገብ አስቀመጠ። ሌሊት ጥም አቃጥሏት ተነሥታ እጇን ስትዘረጋ ተኝቶ የመሰላት ንጉሥ እጇን ያዛት። መሐላሽን አፈረስሽ አላት። ውኃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነው ወይ ብትለው፣ ከውኃ የሚበልጥ ምን ሀብት አለና አላት። የጠማት ሰው ምን ታድርግ? ከመሐላህ ነፃ ነህ፣ ብቻ ውኃውን ልጠጣ አለችው።

ይህን ሥዕል ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እንስቅበት ነበር። የሰሎሞን ጥበብ ይባላል፤ ብልጠቱ ያስደንቃል። እንደዚያን ቀን ግን ያችን አንዷን ክፍል፣ እጇ ወደ ውኃው ተዘርግቶ የተያዘባትን፣ ትክ ብለን አይተናት አናውቅም። አንዷ ቀስ ብላ «እሺ ብላለች እኮ» አለች። ሌላዋ «እሺ ያለችው ጉሮሮዋ ነው» አለቻት።

እዚህ ላይ ከመካከላችን የደነገጡ ነበሩ። ክብረ ነገሥት ነው፤ የቀዳማዊ ምኒልክ መወለጃ ነው፤ የታቦተ ጽዮን ታሪክ ከዚያ ይቀጥላል። እንደ ተራ ወሬ የሚገመገም አይደለም አሉ። እናከብራቸዋለን። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከዚህች ሌሊት ፍሬ ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ብሎ አስፍሮት ነበር። እኛም ታሪኩን ልናፈርስ አልተቀመጥንም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስተዋልነው፤ በጥበብ የተሸነፈችው ንግሥት አገሯ ስትመለስ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ከእንግዲህ በአገሩ ወንድ እንጂ ሴት እንዳትነግሥ ተደነገገ። የተሸወደችውም እሷ፣ ከዙፋን የወረደችውም ሴት ልጇና የልጅ ልጇ።

እናታችን ግን ሌላ ነገር አዩ። በአንዳንዱ ሥዕል ላይ፣ በቃል በሚነገረውም ታሪክ፣ ንግሥቲቱን ተከትላ የሄደች ገረድ አለች። እሷም ጠምቷት ነበር። እሷም ጠጣች። እሷም ከንጉሡ ፀነሰች፤ የዛጉዌ ነገሥታት ከእሷ ልጅ ወረዱ የሚሉ አሉ። «የዚችስ ስሟ ማነው?» አሉ እናታችን። ስም አጣንላት። ንግሥቲቱ ማክዳ ትባላለች፣ አዜብ ትባላለች፣ ሳባ ትባላለች። ለገረዲቱ አንድ እንኳ አልተረፋትም። እሷን ደግሞ ማንም አላስማለላትም።

ስለ እቴጌ ጣይቱ ሁለት ቅዳሜ አንብበናል፤ እዚህ ላይ አናረዝመውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። ብቻ ከማክዳ ውኃ ቀጥለን ስላነበብነው አንድ ነገር ደስ አሰኝቶናል። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ጣሊያኖች ምሽግ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ አዛዣቸው ማጆር ጋሊያኖ ነው። በመድፍና በጥቃት ምሽጉ አልሰበር አለ። የሚጠጡት ምንጭ ግን ከምሽጉ ውጪ ነበር። ምንጩን እንያዝባቸው የሚለው ምክር የእቴጌይቱ ነው፤ የያዙትም የእሳቸው ጦር ናቸው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ምሽጉ ተለቀቀ። አንዷ ፈታያችን ይህን ስትሰማ «ይኸው፤ ማክዳ በውኃ ተያዘች፣ ጣይቱ በውኃ ያዘች» ብላ ጮኸች፤ ጥጧም ወደቀባት። በአድዋም ቀን ሴቶቹ በእንስራ ውኃ ለተዋጊው ሲያመላልሱ ነበር። ጣይቱ ምኒልክን በ1875 ዓ.ም. ከማግባታቸው በፊት ደጋግመው አግብተው የፈቱ ሴት መሆናቸውን ስናነብም ከመካከላችን ሁለት ሦስቱ ቀና ብለው ተቀመጡ። ለምን እንደሆነ አንናገርም።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። የወጣው በፈረንጆቹ 2014 ዓ.ም. ነው፤ በውጭ አገር ፌስቲቫሎች፣ በሰንዳንስም በበርሊንም፣ የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በአማርኛ የተሠራ ነው። እኛ ያየነው በአንዷ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰው በአንዲት ላፕቶፕ። ድምፁ ሲያንስ እየደጋገምን።

ታሪኩ በ1989 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ ከደረሰ እውነተኛ ነገር የተነሣ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ጠላፊው ደፈራት። ልታመልጥ ስትሮጥ ጠመንጃውን ይዛ ወጣች፤ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ናቸው። ልጅቱ ራሷን መከላከሏ ነው ተብሎ ነፃ ወጣች።

«ድፍረት» የሚለውን ርእስ ስንሰማ አንዷ «ጀግንነቷን ለማለት ነው» አለች፤ ሌላዋ «የለም፣ መደፈሯን ነው» አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። በአፋችን ውስጥ አንድ ቃል ነው። ወንዱ «ደፈራት» ሲባል ያው ቃል፣ እሷ «ደፈረች» ስትባል ያው ቃል። «ደፋር ሴት» ደግሞ በኛ ሰፈር ምስጋና አይደለም፣ ስድብ ነው። እናቶቻችን ስንት ጊዜ ብለውናል።

በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀን ጥይቱ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር የተቀመጡበት ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጋቢያቸውን ተከናንበው በወግ ይናገራሉ፣ ይደማመጣሉ፣ ደም እንዳይቀጥል ይጨነቃሉ። የሟች ቤተሰብ ይናገራል፣ የልጅቱ አባት ይናገራል። ልጅቱ ግን እዚያ የለችም። «እንዲህ ያለ ሽምግልና ላይ ስንት ጊዜ ቡና አፍልቻለሁ» አለች ከኛ አንዷ።

ስለ ፊልሙ ሌላም የምትሰሙት ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዳው ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኳ ነው የተባለችው፣ አሁን ያደገችው ሴት፣ ሳልጠየቅ ነው የተሠራው ብላ አቤት ብላ ነበር። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። ክርክሩ የነሱ ነው፣ እኛ ዳኛ አይደለንም። ፊልሙንም ወደነዋል። ብቻ ይህን ስንሰማ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ መካከላችን ተቀመጠ።

ከሕግ አዋቂ ዘመድ የጠየቅነውንም እንንገራችሁ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ይለዋል፤ ግን የተጠለፈችው ፈቅዳ ጠላፊውን ካገባችው ክሱ ይቀራል ይል ነበር። «ፈቅዳ» የሚለውን ቃል ደጋግመን አነበብነው። ደጇ ላይ ሽማግሌ ቆሞ፣ አባቷ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ማን ያገባታል ከእንግዲህ» እያለ፣ ፈቅዳ። ጉሮሮዋ ደርቆ ውኃው እዚያ ተቀምጦ፣ ፈቅዳ። በኋላ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት የሆነው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት ለሴት ልጅ 15 ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን ማምለጫ ዘጋው። ለማግባት ብሎ የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሠራል፤ ቢያገባትም ተጠያቂነቱ አይቀርም። ይህ ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ይህን ቀን ያዙልን።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ላፕቶፑ ተዘጋ። ማንም አልተነሣም። እናታችን፣ ያ የሬዲዮው ታሪክ የነገሩን፣ እንዲህ አሉ፤ «እኔም በፈረስ ነው የተወሰድኩት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።» አርባ ዓመት ጎረቤታቸው የኖርን ሰዎች አናውቅም ነበር። ሰባት ልጅ ወልደዋል። ባላቸው ደግ ሰው እንደ ነበሩ ሁላችንም እንመሰክራለን፤ ሲሞቱ እዚህ ድንኳን ውስጥ ነው ያለቀስናቸው። «አሁን እኔ ምን ልባል?» አሉ። «ልጆቼ የአባታቸውን ፎቶ ሳሎን ሰቅለውታል። ምን ልበላቸው?»

መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም። አንዷ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ሌላ ምን ይደረጋል። እሳቸው ግን አላለቀሱም። «ያን ጊዜ እናቴ ብቻ ነበረች የጮኸችው፤ እሷንም ዝም አስባሏት» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

እንግዲህ «እኛ» ማለት ሁላችን የምንሆንበት ቦታ ደረስን።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከአምስታችን አንዷ፣ ጸሐፊ የነበረችው፣ እንቅልፍ አጣች። አንድ ነገር ትዝ አላት። የማኅበሩን የድሮ መዝገብ አስፈቅዳ አወጣች። 2002 ዓ.ም. ላይ በራሷ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አገኘች። «ለአባላችን ዘመድ ሠርግ፤ ድንኳን 1፣ ብረት ድስት 4፣ ወንበር 60፣ ብር 1,500።»

አንዳንዶቻችሁ አስታወሳችሁ፤ ፊታችሁ ላይ ይታያል። ከገጠር መጥታ ከአንዷ አባላችን ቤት ሥራ እያገዘች የማታ የምትማረው ልጅ። ከትምህርት ስትመለስ የሰፈሩ ሰው ወሰዳት። ሰውየውን እናውቀዋለን፣ ሠራተኛ ነው፣ ቤተሰቡም ጨዋ ነው ተባለ። ሽማግሌ መጣ። እኛም ተሰብስበን መከርን። ነገሩ እንዳይሰማ፣ ክብሯ እንዳይጎድል፣ ወላጆቿ አገር ቤት ሆነው እንዳይዋረዱ። ማንም ክፉ አላሰበም። ፖሊስ የሚል ቃል አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ «ሰው ታስሮ ምን ይጠቀማል» ብለን ተውነው። ሕጉ ከተለወጠ አምስት ዓመት አልፎታል። ድንኳናችንን ተከልን፣ በድስታችን ወጥ ሠራን፣ እልል አልን። ጥሩ ሠርግ ነበር። ዳቦውን የደፋነው እኛ ነን።

ፊልሙን ስናይ በሽማግሌዎቹ ተናደን ነበር። ዛፉ ሥር የተቀመጥነው እኛ ነን ለካ።

መዝገቡ ስሟን አልጻፈውም። «የአባላችን ዘመድ» ይላል። ያች ገረድ።

ልጅቱ ሁለት ዓመት ያህል ከሰውየው ጋር ኖረች፤ ከዚያ ጠፋች። ዐረብ አገር ሄዳ ነበር። አሁን ተመልሳ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ትኖራለች። ሁለታችን ሄድን። ይህን ንግግር ከማዘጋጀታችን በፊት መጠየቅ አለብን ብለን ነው፤ ሳትጠየቅ አንድ ጊዜ ድረናታል፣ ሳትጠየቅ ደግሞ ታሪኳን አናወራም። ስንገባ አወቀችን። አስቀመጠችን። ቡና ልታፈላ ስትነሣ «እባክሽ ተቀመጪ» አልናት፤ የዚያን ቀን ያልናት ተቃራኒውን ነበር።

የጻፍነውን አነበብንላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ይቅርታ ጠየቅናት። ይቅርታውን ስለ መቀበሏ ምንም አላለችም፤ እኛም አልጎተጎትናትም። እንድትናገሩ እፈቅዳለሁ፣ ስሜን ግን አትጥሩ አለች። ከዚያ እርማት አለኝ አለች። እኛ ሦስት ቀን ብለን ጽፈን ነበር፤ እሷ «አምስት ሌሊት ነው» አለች። እኛ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ልጅቱ ጓዳ ነበረች ብለን ነበር፤ እሷ «ጓዳ አልነበርኩም፤ ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ፤ ሦስቱንም ቀዳሁላችሁ» አለች። አንድ ደግሞ ጨመረች። ሲኒውን ስትሰጠን ከኛ አንዷ ዓይን ዓይኗን አይታት ነበር፤ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር አለች። ያች ሴት ከኛ አምስቱ መካከል ናት። ማን እንደ ሆነች ዛሬ እንድንናገር አልፈለገችም፤ ግን አለች፣ እዚህ ተቀምጣለች።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ነገር እናቀርባለን። የመጀመሪያው ስለ ድንኳኑና ስለ ድስቶቹ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማኅበሩ ለሠርግ ዕቃ ወይም ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ሁለት አባላት ሙሽራዋን ለብቻዋ፣ ቤተሰብ በሌለበት፣ ያነጋግሯት። በዚህ ላይ ከራሳችን መካከል እንኳ የተቃወመች አለች። «ደህና የሚድረውን ቤተሰብ ሁሉ እንደ ሌባ መጠርጠር ይሆናል፤ ሰው ዕቃውን ከሌላ እድር ይወስዳል» ትላለች። የምትለው እውነት አለው። በስድስት ወር ስንት ሰው እንደ ተቀየመን ቆጥረን እንድንነጋገርበት ተስማምተናል።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። ጠይቃን ነው። የ2002ቱ መስመር እንዳይሰረዝ ትፈልጋለች፤ እንዲታይ። ከሥሩ ግን «ሠርግ አልነበረም» ተብሎ እንዲጻፍ፣ አምስቱ ሌሊትም እንዲጻፍ ትፈልጋለች። መዝገቡ ይኸው ጸሐፊዋ ፊት ነው። እስክሪብቶም አለ። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር፣ እንሰማለን።